ማን ያውቀኛል?



«ማን ያውቀኛል?» የምትለው ቃል በስደት አገር እጅግ የምትዘወተር ናት። አንዱ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ስሙን ለውጦ ለእርሻ ሥራ ሲመዘገብ ይላታል። ሌላው በአገሩ ሳለ፣ ጎረቤት አየኝ አላየኝ ብሎ የማይደፍረውን ነገር እዚህ ሲደፍር ይላታል። ሦስተኛው ደግሞ ካለችው እፍኝ ዱቄት ለማያውቀው ሕፃን አካፍሎ ሲሄድ፣ «ስምህ ማን ነው?» ቢሉት፣ ያችኑ ቃል መልሶ ይሄዳል። እንግዲህ አንዲት ቃል ለክፉም ለደግም ታገለግላለች ማለት ነው። ለመሆኑ ሰው ስሙ በማይታወቅበት ጊዜ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ከራሳችን ታሪክ ለመመለስ እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ያነሣሣኝ በዚሁ በቁረይሻ ምድር፣ በምንኖርበት መንደር የሆነ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጧት፣ ማሽላ በሚታደልበት ራኩባ ምሰሶ ላይ በእሾህ የተሰካ ወረቀት ተገኘ። ፊርማ የለውም። ከሰፋሪዎቹ አንዱን በስሙ ጠርቶ፣ ከየሰው ድርሻ እየቀነሰ ይሸጣል ይላል። ሕዝቡ ለእደላ ተሰልፎ ነበርና «ማንበብ የሚችል ያንብብልን» ተባለ። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ኋላ የቆሙት አልሰማንም ስላሉ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማን ጻፈው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በዚያው ቀን ሰውየው ከስፍር ሥራው ተነሣ። አብረውት ቡና ይጠጡ የነበሩ ሰላምታ ነሱት። በሳምንቱ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

ከወር በኋላ አንዲት እናት፣ ነገር ማጣራት የሚወዱ ናቸው፣ የሚሰፈርባቸውን ሁለት ጣሳዎች አስመጡ። አንዱን ውኃ ሞልተው ወደ ሌላው ቢገለብጡት ሞልቶ ፈሰሰ። ሁለቱ ጣሳዎች እኩል አልነበሩም። ያ ሰው ይሰፍርበት የነበረው ትንሹ ነበር። የተረፈው እህልም ወደ መጋዘን መመለሱ በመዝገብ ተጽፎ ተገኘ።

የወረቀቱ ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት ቂም ኖሮት ይሆናል፤ ምናልባትም በቅን ልቡ ጎደለብኝ ብሎ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። እሱ ከወረቀቱ በስተጀርባ ተሸሸገ፤ እኛ ደግሞ ከሰልፉ መካከል ተሸሸግን። «ሰው ሁሉ ብሏል» ስንል፣ ማንም አላለም ማለታችን ነበር።

ቁራኛ

በአባቶቻችን ዘመን ክስ እንዲህ በቀላሉ የሚወረወር ነገር አልነበረም። አንድ ሰው ሌላውን ሲከስ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠርና፣ ነገሩ ከባድ ሲሆንም በሰንሰለት ይታሰሩና፣ ወደ ዳኛ አብረው ይሄዱ ነበር። ይህ ቁራኛ ይባል ነበር። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ እንዲህ ተቆራኝተው ሲሄዱ አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር መንገደኞች በመጽሐፋቸው ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ቁራኛው የሚፈታው ተከሳሹ ዋስ ሲጠራ ነው።

የዚህን ሥርዓት ክፋት መናገር አያስቸግርም። ዋስ የሌለው እንግዳ ሰው፣ ማለት እንደ እኛ ያለው፣ ታስሮ ይቀር ነበር። ነገር ግን በውስጡ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበረ፤ ይኸውም ከሳሽ ፊቱን ሳያሳይ መክሰስ አይችልም። ከከሰሰው ሰው ጋር በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ ፀሐዩም ጥሙም እኩል ያገኘዋል። ተከሳሹ ዘወር ብሎ ዓይን ዓይኑን እያየ «ምን በደልኩህ?» ሊለው ይችላል። እንዲህ ያለ ዋጋ የሚያስከፍል ክስ ደግሞ ሰው ነገሩን ሁለት ጊዜ ሳያስብ አይጀምረውም።

ወፍ

ሆኖም አባቶቻችን አንድ ነገር ያውቁ ነበር። ፊቱን ማሳየት የማይችል፣ ቢያሳይ የሚገደል ወይም ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው አለ። ሌባው ጉልበተኛ፣ ያየው ግን ደሃ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ያበጁት መላ አውጫጭኝ ነው፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ ይባላል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ለጻፈው ልብ ወለድ ርዕስ ያደረገው ይህንኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ከዚያም እያንዳንዱ ሰው በዓይኑ ያየውን በጆሮው የሰማውን እንዲናገር፣ ከሌለውም የለኝም ብሎ እንዲምል ይጠየቃል። በአደባባይ መናገር የሚፈራ ሰው የሚያውቀውን ለሽማግሌዎቹ በምሥጢር ይነግራል። ይህ ሰው «ወፍ» ይባላል። ሽማግሌዎቹ ወፏ እንዲህ አለች ብለው ነገሩን ያወጣሉ እንጂ ወፏ ማን እንደ ሆነች አይናገሩም። ወንጀለኛው ካልተገኘ ደግሞ የተበደለውን ሰው ኪሣራ ተሰብሳቢው ሁሉ አዋጥቶ ይክሳል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስተውል። ወፍም ስሟ አይታወቅም፤ በምሰሶው ላይ የተሰካው ወረቀትም ስም የለውም። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ወፍ ስሟ የተሸሸገው ከሕዝቡ ነው እንጂ ከሽማግሌዎቹ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ፊቷን አይተዋል፤ ከበደለኛው ጋር ቂም ይኑራት አይኑራት ያውቃሉ፤ ከየት ሆና እንዳየች ይጠይቃሉ። ዋሽታ ብትገኝ የምትጠየቅበት ሰው አለ ማለት ነው። ወረቀቱን ግን ማንም አያውቀው፣ ማንም አይጠይቀው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ስም መሸሸጉ ሳይሆን፣ የተሸሸገውን ስም የሚያውቅና በኃላፊነት የሚይዝ ሰው መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

አውጫጭኝ እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። በመከር ጊዜ ገበሬውን ለቀናት ከሥራ ያስፈታ ነበር። ጥፋት የሌለበትም ኪሣራ ያዋጣ ነበር። ሽማግሌ ካደላ፣ ወፍም በቂም ከተነሣች፣ ዘመድ የሌለው ሰው በቀላሉ ሊጠቃ ይችላል። አሠራሩ ሽማግሌዎቹ ከዋሹ የሚፈርስ ነበር፤ ካልዋሹ ግን ፈሪውንም ንጹሑንም በአንድነት ለመጠበቅ የታሰበ ነበር።

ሕግ ምን አለ?

ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። ከ1900 ዓመታት በፊት የሮማ ግዛት የነበረችው የቢታንያ ገዥ ፕሊኒ፣ ክርስቲያኖች ናቸው የተባሉ ብዙ ሰዎች ስም የተዘረዘረበት ፊርማ የሌለው ጽሑፍ ደረሰው። ምን እንደሚያደርግ ለንጉሡ ለትራያን ጻፈ። ትራያን ለክርስቲያኖች ወዳጅ አልነበረም፤ ተከሰው ጥፋተኛ ሆነው ከተገኙ እንዲቀጡ አዝዟል። ስለ ጽሑፉ ግን የመለሰው፣ ጸሐፊው ያልታወቀ ክስ በማናቸውም ነገር ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም፣ መጥፎ አርአያም ይሆናል የሚል ነበር። ጠላቱን ለመቅጣት የማያመነታ ንጉሥ እንኳ በዚህ በር መግባትን ተጸየፈ።

በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለዚሁ ነገር ደንግጓል። ስሙን ያልገለጸ ሰው ያቀረበው ክስ ነገሩ ከባድ ካልሆነ፣ ሌላም የሚደግፈው ማስረጃ ካልታየ በስተቀር ፖሊስ ምርመራ እንዳይጀምርበት ነው ሐሳቡ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ስም የለሹን ቃል ፈጽሞ አልጣለውም። የፈራ ሰው እውነት ሊናገር እንደሚችል ያውቃልና። ነገር ግን ያ ቃል ብቻውን ቆሞ ሰው እንዲጥል አልፈቀደለትም።

ሁለቱ ዓይነት ወረቀት

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ፊርማ የሌለው ወረቀት ክብር ያገኘበት ጊዜ ነበር። «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የተባሉት ኅቡዕ ጽሑፎች የጸሐፊዎቻቸው ስም ሳይታወቅ በከተማው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ነበር። ስማቸውን የሸሸጉት ተይዘው እንዳይታሰሩ ነው። በጽሑፎቹ ሐሳብ መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊዎቹ በስውር የሚናገሩት ከእነሱ የበረታውን መንግሥት ነበር። ደካማ ወደ ኃይለኛው ሲናገር ስሙን ቢሸሽግ ጋሻ ያነሣ ያህል ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጋሻው ሰይፍ ሆነ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ፤ ሚያዝያ 9 ቀንም በአብዮት አደባባይ በቀይ ቀለም የተሞላ ጠርሙስ ሰብሮ አዋጁን አሰማ። ከዚያ በፊት ጀምሮ በከተማ የቀበሌ ሹማምንትና ካድሬዎች በኢሕአፓ ታጣቂዎች ይገደሉ ነበር፤ ማን እንደ ተኮሰ አይታወቅም። በመንግሥት በኩል ደግሞ አሰሳ፣ ነጻ እርምጃና ማጋለጥ መጣ። በቀበሌ አዳራሽ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ «አናርኪስት» የተባለው ይጠቆማል። የጠቋሚው ስም ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ የሚሰማው የተጠቋሚው ስም ብቻ ነው። በማግሥቱ ሬሳው በመንገድ ዳር፣ በደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል። በአውጫጭኝ በወፍና በተከሳሽ መካከል ይቆሙ የነበሩት ሽማግሌዎች በዚያ ስፍራ አልነበሩም። መሐላም፣ ማጣራትም፣ «ከየት ሆነህ አየህ?» የሚል ጥያቄም አልነበረም። ሺሕ በሺሕ ወጣት ያለቀው እንዲህ ሆኖ ነው።

ከዚያ ዘመን አንድ ትምህርት አለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የደርግ ባለ ሥልጣኖች ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ፍርድ ቤቱም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኞች ናችሁ አላቸው። ከቀረቡባቸው ማስረጃዎች ብዙዎቹ እነሱ ራሳቸው የፈረሙባቸው ወረቀቶች ነበሩ። የፈረመ ተገኘ። ከአዳራሹ ጥግ ጣቱን ቀስሮ ስሙን ሳይናገር የሄደው ግን፣ ከነሕሊናው ወደ ቤቱ ገባ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ለምስጋና ብቻ አይደለም፤ ለፍርድም ጭምር ነው።

ኡም ራኩባ፣ 1977

በዚያ የሽብር ዘመን በመተማና በሑመራ በኩል ወደ ገዳሪፍ የጎረፈው ስደተኛ ብዙ ነበር። ብዙዎቹ እዚህም ሰላይ ይከተለናል ብለው ሠጉ፤ ስማቸውንም ለወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ፣ ድርቁ በከፋበት በ1976 እና በ1977 ዓ.ም.፣ በዚሁ ምድር ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖታቸውን ጭምር የሸሸጉ ሰዎች ሰፍረው ነበር። እነሱም ከጎንደር፣ ከስሜን፣ ከወልቃይትና ከትግራይ በእግራቸው የመጡት ቤተ እስራኤል ናቸው።

ወደ እስራኤል ለመሻገር ነው የመጡት። ሱዳን ግን ከእስራኤል ጋር ግንኙነት አልነበራትም፤ ስለዚህ ማንነታቸው እንዳይታወቅ እንደ ማንኛውም ስደተኛ መስለው በኡም ራኩባና በተዋዋ መጠለያዎች ተቀመጡ። መጠለያ ውስጥ ደግሞ ምሥጢር የት ይደበቃል? ቅዳሜ ቀን እሳት አለማንደድ ብቻውን ሊያሳብቅ ይችላል፤ ሬሳን እንደ ወጋቸው መቅበርም እንዲሁ። በሕይወት የተረፉት በኋላ ሲናገሩ፣ ሙታናቸውን በሌሊት የቀበሩ ነበሩ። ወባ፣ ኩፍኝና ተቅማጥ ገደላቸው። በመንገድና በሱዳን ያለቁት 4000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌምም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከመካከላቸው የጉዞውን ጉዳይ በድብቅ የሚያከናውኑ ወጣቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በጸጥታ ሰዎች ተይዘው ተገርፈዋል።

በአጠገባቸው የነበረው ሌላው ስደተኛ ምን አደረገ? እዚህ ላይ ሰው በሁለት ተከፈለ። የጠቆመ፣ የዘለፈ፣ የደበደበም ነበር። አውቆ ዝም ያለም ነበር። እኔ የማስበው ስለ ዝምተኛው ነው። ቅዳሜ በጎረቤቱ ጎጆ ጭስ እንደማይወጣ አይቶ፣ ነገሩ ገብቶት፣ ለማንም ሳይናገር ማሽላውን ፈጭቶ የተኛ ሰው። ስሙ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ጎረቤቱም አላመሰገነውም፤ ማወቁን አላወቀምና። እሱም «ማን ያውቀኛል?» ብሏል፤ ግን ሰውን ለመጣል ሳይሆን ለማትረፍ ነው።

ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም. «ዘመቻ ሙሴ» የተባለው ጉዞ ተጀመረ። ሰዎቹ ከገዳሪፍ አካባቢ በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም እየተወሰዱ በአውሮፕላን ሄዱ። ወደ 8000 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ተሻገሩ ይነገራል። ታኅሣሥ 27 ቀን ግን ወሬው በዓለም ጋዜጦች ወጥቶ ጉዞው ተቋረጠ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ከቤተሰባቸው የተለዩ ጭምር፣ እዚሁ ቀሩ። በመጋቢት ወር 500 ያህሉን የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አካባቢ ወሰዷቸው። ስማቸው የታወቁ፣ ብዙ የተማሩ ሰዎች ያልጠበቁትን ምሥጢር፣ ማንም የማያውቀው የመጠለያ ጎረቤት ለወራት ጠብቆት ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ስም መሸሸግ ሰውን ክፉም ደግም አያደርገውም፤ በልቡ ያለውን ያለ ፍርሃት እንዲያወጣው ብቻ ይፈቅድለታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ የተሸሸገው ስም ማንን ይጠብቃል፣ ማንንስ ያጋልጣል የሚለው ነው። ራሱን ወይም ሌላውን ደካማ ለመጠበቅ የተሸሸገ ጋሻ ይዟል። መልስ መስጠት የማይችለውን ሰው ለመምታት የተሸሸገ ግን ድንጋይ ወርውሮ እጁን የደበቀ ነው።

እኛ ደግሞ እዚህ የተሰበሰብነው ከየአቅጣጫው ነው። የማን ልጅ መሆናችን አይታወቅም፤ ዋስ ቢጠራብን ማንን እንጠራለን? እንዲህ ባለ ስፍራ አንዲት ፊርማ የሌላት ወረቀት ያለችን አንዲት ሀብት፣ ማለት መተማመንን፣ በአንድ ጧት ልትወስድብን ትችላለች። ስለዚህ የአባቶቻችንን ወፍ እንመልሳት እላለሁ። በደል ያየ፣ ግን የፈራ ሰው ለሁለት ሽማግሌዎችና ለአንዲት እናት በምሥጢር ይንገር። እነሱ ስሙን ይጠብቁ፤ ነገሩን ያጣሩ፤ ጣሳውን ያስመጡ። ማንም የማያውቀው ወረቀት ሲገኝ ግን በሰልፍ ፊት አይነበብ። የሚችል አንባቢም ቢጠራ፣ «መጀመሪያ ይጣራ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ለሽማግሌዎች ይስጥ። እኔ ያንን አላደረግሁም።

በዚህች ጽሑፋችን ልማድ የጸሐፊ ስም አይጻፍም። አዘጋጆቹ ግን ስሜንም ጎጆዬንም ያውቃሉ። ያ ሰው ከሰሊጡ አገር ድንገት ቢመለስና «ያን ቀን ወረቀቱን ያነበበው ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ እንዲነግሩት አደራ ብያቸዋለሁ። ይምጣ፤ ነጠላችንን ቋጥረን እንነጋገራለን።